ከመጥረቢያው በፊት ሞረዱ

ለክፉ ቀን ብሎ የእጅ መሣሪያ የሚያሰባስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከትልልቁ ይጀምራል። መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ዶማና ዲጂኖ ይገዛና በር ጥግ ያቆማል። ሞረድ ግን አይገዛም። ዓመት ሳይሞላ መጥረቢያው ይዶለዱማል፣ ዛቢያው ይነቀነቃል፣ መጋዙ ዝጎ እንጨቱ ውስጥ ይነክሳል። እንግዲህ በዚያች በምትፈለግ ሌሊት ነው ሁሉም አልሠራም የሚለው። ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መሣሪያን የሚጠግነው መሣሪያ ይቅደም። መጀመሪያ ሞረድ፣ መሳያ ድንጋይ፣ ሽብልቅና ዘይት፤ ሌላው በየወሩ ደመወዝ አንድ አንድ እየተባለ ይደርሳል።

አዳማ ላይ የእጅ መሣሪያ የሚፈለግባቸው ቀኖች የታወቁ ናቸው። መብራት ይጠፋል፤ ያኔ ድሪልም ግራይንደርም አይሠራም። ውኃ ይቋረጣል፤ በመጣችበት ሰዓት ቧንቧው ካፈሰሰ ለሳምንት ልትጠራቀም የነበረችው ውኃ መሬት ትጠጣታለች። ከተማዋ ያረፈችው ጋራ የከበበው ጎድጓዳ ላይ ስለሆነ ክረምት ላይ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ግቢ ይገባል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነንና መሬቱም ዝም ብሎ አይተኛም፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል።

ሞረዱ

ለአንድ ቤት 3 ሞረድ ይበቃል። አንድ ጠፍጣፋ 10 ኢንች መካከለኛ ሻካራ ለመጥረቢያ፣ ለዶማና ለአካፋ፤ አንድ ጠፍጣፋ 8 ኢንች ለስላሳ ለገጀራና ለማጭድ፤ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን 6 ኢንች ለእንጨት መጋዝ ጥርስ። ሱቅ ውስጥ ስትመርጡ ሞረዱን ወደ ብርሃን አዙሩና ጥርሱን ተመልከቱ። ጫፍ ጫፉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ወይ ጥቅም ላይ ውሎ የተመለሰ ነው፣ ወይ ከሌላ ብረት ጋር ሲጋጭ የከረመ ነው። ደህና ሞረድ ጠቆር ያለ፣ ወጥ ግራጫ ነው።

ሹል ጭራው ላይ የእንጨት እጀታ ሳይገባ አትሥሩበት። ሞረዱ ድንገት ሲይዝ ጭራው መዳፍ ይወጋል፤ ቁስሉም ጥልቅ ነው። ከማንኛውም ጠንካራ እንጨት 12 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ፣ መሐሉን በስታችሁ ጭራውን አስገቡና የእጀታውን ቂጥ ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ በራሱ ክብደት ይጠብቃል።

ሞረድ የሚቆርጠው ወደፊት ሲገፋ ብቻ ነው። ሲመለስ ከብረቱ ላይ ብድግ ማለት አለበት። ተጭኖ ወደኋላ የሚጎተት ሞረድ ጥርሱ ይሰበራል፤ አዲስ ሞረድ በሳምንት የሚያልቅባቸው ሰዎች ችግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ጥርሱን በጠመኔ አሹት። ብናኙ ጥርስ መሐል ተሰንቅሮ ብረቱን እንዳይጭር ይከላከላል፤ የተሰነቀረውም በሽቦ ብሩሽ፣ ጥርሱ በተሰለፈበት አቅጣጫ ሲጠረግ ቶሎ ይወጣል። ዘይት ግን ሞረድ ላይ አይደረግም፤ ያንሸራትተዋል።

የስለቱን ማዕዘን ለመለካት ወረቀት ይበቃል። የደብተር ወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው፤ አንዴ ጥጉ ላይ ሲታጠፍ 45፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 22 ከግማሽ ይሆናል። ለዶማና ለአካፋ አንዴ የታጠፈው ልክ ነው፤ የሚሞረደውም በአንድ ጎን ብቻ ነው። ለመጥረቢያ የሁለቱ ጎን ድምር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። ሁለት ጊዜ ከታጠፈው ወረቀት የቀጠነ ስለት ለስላሳ እንጨት ላይ እንደ ምላጭ ይሄዳል፤ ወይራ ወይም ግራር ሲያገኝ ግን ይሸራረፋል። ለመፍለጥ ብቻ የምትይዙት መጥረቢያ 35 ቢደርስም አይከፋም።

አንዱን ጎን ስትሞርዱ ቀጭን የብረት ጠርዝ ወደ ሌላው ጎን ይታጠፋል። ጥፍራችሁን ከጀርባ ወደ ስለቱ በዝግታ ስታንሸራትቱ ይይዛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪይዝ አንዱን ጎን አትልቀቁ። ከዚያ ሌላውን ጎን፤ በመጨረሻ መሳያ ድንጋዩን በውኃ አርጥቦ በክብ በክብ ማሸት ነው። ሞረዱ ብረቱን ሳይነክስ እንደ መስተዋት ከተንሸራተተ ያ ስለት ጠንክሮ የተሠራ ነው። ሞረዱን ከምትጨርሱበት በድንጋይ ብቻ ሥሩት።

በግራይንደር የሚያስሉ ብዙ ናቸው፤ ፈጣንም ርካሽም ነው። ሆኖም የሚሽከረከረው ድንጋይ ሲነካው ቀጭኑ ጠርዝ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ብረቱ በሙቀት ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ማለት ነው፤ በዚያ ሙቀት ጥንካሬው ይለቀዋል። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢሳል ስለት አይይዝም፤ ሰማያዊው ክፍል ተሞርዶ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ነው። የግድ በግራይንደር ከሆነ ሠሪው በየ2 እና 3 ሰከንዱ ውኃ ውስጥ እንዲነክረው ቆማችሁ ጠይቁ። ባዶ ጣት ሊነካው ካልቻለ የመንከሪያው ጊዜ ነው።

አሮጌ ወይስ አዲስ

በእኔ ግምት ለመጥረቢያ፣ ለመዶሻና ለፒንሳ አሮጌው ይሻላል፤ ለመጋዝ ብሌድና ለሞረድ ደግሞ አዲስ ብቻ። መርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ እዚሁ ቁራጭ ብረት የሚሸጡ ዘንድ ከዘመናዊው ላሜራ የተሻለ ተቀጥቅጦ የተሠራ ዕቃ ይገኛል። ዝገት አያስፈራችሁ፤ የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። የመጥረቢያውን ራስ በክር አንጠልጥሉና በሚስማር ምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ደብዘዝ ካለ የተሰነጠቀ ቦታ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ጥግ ላይ ነው። ፒንሳውን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ጫፉ ገጥሞ ወገቡ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ስትገዙ የሚንቀሳቀሰውን መንጋጋ በጣት ገፍታችሁ ሞክሩት፤ የሚጫወት ከሆነ ዳዶ ይቦረቡራል።

ገጀራና ቢላ ከሆነ ከመኪና ባሌስትራ የሠራ ቀጥቃጭ ፈልጉ። ባሌስትራ ካርቦን ያለበት ብረት ስለሆነ ተግሎ ዘይት ውስጥ ሲጠልቅ ይጠነክራል። ፌሮ ግን ቢቀጠቀጥም ለስላሳ ነው። ከሠሪው ፊት በሞረድ ጫፍ ስለቱን ነካ አድርጉ፤ ሞረዱ በጭንቅ የሚይዝ ከሆነ ልክ ነው፣ እንደ እርሳስ ከበላው ገንዘባችሁን ያዙ።

የዛገውን አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይበቃል። በማግሥቱ በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፣ አንድ ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ ወዲያው አድርቁና ዘይት ቀቡት። ሳይታጠብ ከቀረ በዚያው ቀን ብርቱካንማ ዝገት ይመለሳል። ዚንክ የተቀባ ባልዲ ወይም ቧንቧ አቼቶ ውስጥ አይገባም፤ ዚንኩን ይበላዋል።

ዛቢያ

የአዳማ መሣሪያ የሚሞተው ከዝገት ይልቅ በዛቢያው ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ የደረቀ እንጨት ደግሞ ይሰበሰባል። ክረምት ላይ ጥብቅ ብሎ የነበረ የመጥረቢያ ራስ ታኅሣሥ ላይ ይላላል። የተለመደው መላ መጥረቢያውን ከነዛቢያው ባልዲ ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ለአንድ ቀን ሥራ ይረዳል፤ ከዚያ ግን ነገሩን ያባብሰዋል። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሊያብጥ ሲል ብረቱ ቦታ ስለማይሰጠው ጅማቱ እርስ በርሱ ይጨፈለቃል። መልሶ ሲደርቅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይቀጥናል። ሦስት አራት ጊዜ በዚህ ያለፈ ዛቢያ ራሱን ይለቃል፤ ተወርውሮ የሚሄድ የመጥረቢያ ራስ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ትክክለኛው መንገድ ሽብልቅና ዘይት ነው። ለአዲስ ዛቢያ ወይራ የሚያህል የለም፤ ግራር ይከተላል። ባሕር ዛፍ ርካሽና ቀጥ ያለ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ካልሆነ አትውሰዱ። ጽድ ለአጥር ጥሩ ነው፣ ለዛቢያ ግን ቀጭ ይላል። እንጨቱ ሲቆረጥ ቂጡ ላይ የሚታዩት የዕድገት መስመሮች ከስለቱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይሁኑ፤ ስለቱን ካቋረጡ ምት ሲበዛበት በመስመሩ ይፈለጣል። ጉጥ ያለበትን እምቢ በሉ።

የመጥረቢያውን ራስ ቀዳዳ ጥልቀት ለኩና የዛቢያውን ጫፍ ከላይ በመጋዝ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ሰንጥቁት። ስንጥቁም ቀዳዳው በሚረዝምበት አቅጣጫ ይሁን። ቀጥሎ ዛቢያውን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና፣ የመጥረቢያው ራስ ወደ ታች ሆኖ በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ የዛቢያውን ቂጥ በእንጨት መዶሻ ምቱ። ራሱ መሬት መንካት የለበትም። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ባለበት ይቀራል፣ እንጨቱ ወደ ውስጥ ይሄድለታል፤ መሬት ላይ ከመደቆስ በብዙ ይጠብቃል። እንጨቱ ከብረቱ በላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቅ ማለት አለበት። ከዚያ የደረቀ የወይራ ሽብልቅ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ሽብልቁ ከዛቢያው የረጠበ ከሆነ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው፤ ቶሎ ይቀንስና ይወጣል።

ብቅ ያለው ጫፍ እንጨት ዘይት የሚጠጣበት በር ነው። የተልባ ዘይት ካለ እሱ፣ ከሌለ የኑግ ዘይት በጠብታ እያደረጋችሁ መጠጣት እስኪያቆም መግቡት። ሁለቱም አየር ላይ ቀስ ብለው የሚደርቁ ዘይቶች ናቸው፤ ሌላው የወጥ ዘይት እየሻገተ ይጣበቃል። ከፋብሪካ የመጣ ዛቢያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ካለበት በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አንሡት፤ ቫርኒሽ እጅ ያቃጥላል፣ ዘይትም አያስገባም። አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምቃችሁ ጥግ አትጣሉት። እነዚህ ዘይቶች ሲደርቁ ከአየር ጋር ይዋሃዳሉ፤ ሙቀት ያወጣሉ፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ በራሱ እሳት ይነሣል። ዘርግታችሁ ገመድ ላይ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ክተቱት።

ሁሉም ሲያልቅ እንጨቱ ከብረቱ ሥር በሚወጣበት ቦታ በእርሳስ መስመር አስምሩ። በየጊዜው ተመልከቱት፤ በመስመሩና በብረቱ መሐል ክፍተት ከታየ ራሱ እየሸሸ ነው፣ ሳይወረወር በፊት ሽብልቁ ይጠብቅ። ዶማ ይህ ሁሉ አያሻውም። የዶማ ዛቢያ ወፍራም ጫፉ ከላይ ቀርቶ ቀጭኑ ወደ ታች ነው የሚያልፈው፤ በተወዛወዘ ቁጥር ራሱ ይጠብቃል። ለማውለቅ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ የዛቢያውን ቀጭን ጫፍ መሬት ላይ መምታት ነው።

የብረት መጋዝ

ከመጠገኛዎቹ ቀጥሎ ለአደጋ ቀን የመጀመሪያው መሣሪያ ይህ ነው እላለሁ። አብዛኛው የከተማችን ቤት በሩ ላሜራ፣ መስኮቱ በፌሮ የታጠረ ነው። ለሌባ የተሠራው አጥር መሬት ሲንቀጠቀጥ ወይም እሳት ሲነሣ ለቤቱ ሰው ወጥመድ ይሆናል።

ብሌዱ 30 ሴንቲሜትር ሲሆን ላዩ ላይ 18፣ 24 ወይም 32 ይጻፋል፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። ደንቡ ሁልጊዜ ቢያንስ 3 ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት የሚል ነው። ለ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 18 ወይም 24 ልክ ነው። ለቀጭን ቱቦና ላሜራ 32 ያስፈልጋል፤ 18ቱን ላሜራ ላይ ብታደርጉት ጠርዙ ጥርሶቹ መሐል ይገባና አንድ በአንድ ይነቅላቸዋል። ጥርሱ ወደፊት ይመልከት፤ ወደ ራሳችሁ ከዞረ ትፍጫላችሁ እንጂ አትቆርጡም። ብሌዱ በጣት ሲመታ ጥርት ብሎ እስኪጮህ ይወጠር። የላላ ብሌድ ይጠማዘዝና ይሰበራል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ምልልስ፣ ሙሉውን ርዝመት እየተጠቀማችሁ። የቸኮለ ሰው መሐሉን ብቻ ያግላል፤ የጋለ ጥርስ ወዲያው ይሞታል።

ብሌዱ ሥራ መሐል ከተሰበረ አዲሱን በዚያው ስንጥቅ አታስገቡ። ያረጀው ጥርሱ ስላለቀ የቀደደው መንገድ ጠባብ ነው፤ አዲሱ ሰፊ ስለሆነ ይነክስና እሱም ይሰበራል። ፌሮውን ከሌላው ጎን ጀምሩት። ለዚህም ነው 10 ብሌድ መያዝ ያለበት፤ ሁለት ብቻ ይዞ መቀመጥ ራስን ማታለል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። በያጅ ጠርታችሁ በየመኝታ ክፍሉ አንዱን የመስኮት ፌሮ በማጠፊያ የሚከፈት፣ በጓጉንቸር የሚዘጋ አስደርጉት። ቁልፉ ከውስጥ፣ ልጅ የሚደርስበት ሆኖ ከውጭ እጅ የማይደርስበት ሚስማር ላይ ይንጠልጠል። መጋዙ መኝታ ቤት ይደር፤ ዕቃ ቤት ያለ መጋዝ በተዘጋ በር ማዶ ነው።

ዲጂኖ የተጣበቀ በር ለመፈልቀቅ ጥሩ ነው፤ በቁልፉ ከፍታ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ። ሆኖም በመጀመሪያ ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። ብሎኬቱ ተሰንጥቆ መቃኑ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ያ መቃን ሸክም ይዟል፤ ሲፈለቀቅ ላያችሁ ላይ ይወርዳል። በመስኮት ውጡ።

ቧንቧ

የሚንጠባጠብ ቧንቧ 10 ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ ቧንቧውን ክፈቱና ግፊቱ ይውጣ። መፍቻው እንዳይጭረው ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከእጀታው ሥር ያለውን ዳዶ ወደ ግራ ፍቱ። አጠቃላይ ራሱ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ተቦርቡራ ታገኟታላችሁ። ለግማሽ ኢንች ቧንቧ የሚሆን ጎማ ከሱቅ 5 ገዝታችሁ ከመፍቻው ጋር እሰሩት። በዚያ ሰዓት ከሌለ ከብስክሌት ካላማዳሪ ድርብ አድርጎ መቁረጥ ለጥቂት ቀን ያደርሳል፤ ለመጠጥ ውኃ ግን ቶሎ በደንበኛው ይተካ። ጎማው አዲስ ሆኖም የሚያፈስ ከሆነ ችግሩ የምትቀመጥበት ነሐስ መቦርቦሩ ነው፤ ያኔ ሙሉ ቧንቧውን መለወጥ ይቀላል። መፍቻው ሲሳብ ጉልበቱ የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ይረፍ፤ ያለዚያ መንጋጋው ይከፈትና ጣት ይላጫል። መዝጊያውን ደግሞ በየ3 ወሩ አንዴ ዝጉና ክፈቱት፤ ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ በምትፈልጉት ቀን ይጣበቃል ወይ እጀታው ይቆረጣል።

ጎርፍ

አካፋና 20 ባዶ ማዳበሪያ ከሰኔ በፊት ይዘጋጁ። ማዳበሪያው ግማሹን ብቻ ይሞላል። ሙሉ ከሆነ እንደ ድንጋይ ክብ ሆኖ ክፍተት ይተዋል፤ ግማሽ የሆነው በእግር ሲረገጥ ይጠፈጠፍና ከጎረቤቱ ጋር ይገጥማል። አፉን አጥፋችሁ፣ የታጠፈው ከሥር ሆኖ ውኃው ወደሚመጣበት ይዙር፤ ሁለተኛው ረድፍ እንደ ብሎኬት የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ ይሸፍን። እዚህ አካባቢ ግን የሚሞላውን አፈር ምረጡ። በየጉድጓዱ የሚወጣው ነጭ ፑሚስ ቀላል ነው፤ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በሱ የተሞላ ማዳበሪያ ጎርፉ አንሥቶ ይወስደዋል። ጭቃ ያለበት ጥቁር አፈር ወይም የወንዝ አሸዋ ይሁን።

ሥራ ሲያልቅ አካፋው ጭቃው ሳይደርቅ ይጠረግ። 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ሞልታችሁ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ዘይት ቀላቅሉበት፤ አካፋና ዶማ አሥር ጊዜ ሲወጉበት ይጸዳሉም፣ ይቀባሉም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀሙ፤ እጅ ላይ ይቀራል፣ ወደ ጓሮ አትክልትም ይሄዳል። ቅባቱ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ዘይት የአዳማን አቧራ ሰብስቦ ራሱ ሞረድ ይሆናል። መሣሪያውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። መሬት ላይ የቆመ ዛቢያ ምስጥ ከሥሩ ይገባና ውጩን ሳይነካ ውስጡን ይጨርሰዋል፤ በጥፍር መታ ሲደረግ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተሰብሮ ይቃጠል፣ ሌላው ላይ እንዳይሻገር።